የአሮጌ ትራክተር ብልጭታ በሞያሌ ድንበር ሲጠፋ

የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን በመካከሏ በሚያልፍባት በሞያሌ ከተማ ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ የሚዘንመው ሲሆን፥ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው አጭሩ ዝናም ነው። አገሩ ቦረና፥ ጋብራ፥ ገሪና ቡርጂ የሚኖሩበት፥ ኑሮውም በብዛት በከብትና በግመል የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ቡርጂዎችና ሌሎችም ገበሬዎች በቆሎ፥ ቦሎቄና ጤፍ ይዘራሉ። ዝናሙ ከጥቂት ሳምንት የማይበልጥ በመሆኑ፥ መሬቱ ረጥቦ ለማረሻ በተገዛበት ሰሞን ያላረሰ ሰው በዚያው ወቅት ዳግመኛ የሚያርስበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የራሱ ትራክተር ያለው ወይም ከሌላ የተከራየ ገበሬ በዚያ ሰሞን ሞተሩ አልነሣ ቢለው፥ የሚጠፋበት የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን የአንድ ወቅት እህል ነው።

ይህን ያህል ጕዳት የሚያደርሰው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ አይደለም። በቤንዚን ወይም በላምባ በሚሠራ አሮጌ ትራክተር ላይ ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያድለው፥ አንድ ሰው በመዳፉ ሊይዘው የሚችል ትንሽ ዕቃ ነው። የሞተር መጻሕፍት ዲስትሪቢዩተር ይሉታል፤ ሙያቸውን ከጣልያን ጋራዦች የተማሩት የቀድሞ መካኒኮች ደግሞ ስፒንተሮጅኖ ሲሉት ኖረዋል። ብልጭታ ሲጠፋ ሁሉም በዚህ ዕቃ ላይ ያሳብባል። ነገር ግን ጥፋቱ የባትሪው ሞርሴቶ ወይም የቤንዚኑ ፊልትሮ ሆኖ ሳለ አዲስ ዲስትሪቢዩተር ከሩቅ ከተማ የሚያስመጣ ሰው ገንዘቡንም ዝናሙንም ያጣል። ስለዚህ ምርመራው በምን ተራ እንደሚደረግ ማወቅ ለመካኒኩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ዕቃውን ለሚሸጠው ነጋዴና መሣሪያውን ለሚያስተዳድረው ሹምም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ከሁለት ዋና ከተሞች የራቀች ከተማ

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ የምትርቀው በግምት እኩል ነው፤ ወደ እያንዳንዳቸው ለመድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ከሰሜን የሚመጣው መንገድ በሐዋሳ፥ በዲላ፥ በሀገረ ማርያም፥ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ይወርዳል። ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ በማርሳቢት በኩል ወደ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ይህ የኬንያ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የጭነት መኪናዎች በአቧራና በጭቃ እየተንገላቱ ብዙ ቀን የሚጓዙበት፥ ስለ ሽፍታም ፍርሃት በጥበቃ ታጅበው የሚያልፉበት ጊዜ ነበር። የአስፋልቱ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ ተፈጽሞ መንገዱ ተቃና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የሁለቱን አገሮች የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሥራ በአንድ ቦታ የሚያገናኘው የሞያሌ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ በሁለቱ መንግሥታት መሪዎች ተመርቆ ተከፈተ።

መንገዱ ቢቃናም ድንበርነቱ አልቀረም። ከኬንያ የሚመጣ መኪና በግራ ሲነዳ ኖሮ ኢትዮጵያ ሲገባ ወደ ቀኝ ይለወጣል። በመሣሪያም በኩል እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር የተሠራ አሮጌ ትራክተር ብሎኑም ክፍተቱም በኢንች የተለካ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ በኩል ያለው መካኒክ መፍቻው በብዛት በሚሊ ሜትር ነው። የማይገጥም መፍቻ የብሎኑን ራስ ያከብበዋል፤ በኢንች የተጻፈውን ልክ እንደ ሚሊ ሜትር የሚያነብ ሰውም ጤነኛውን ሞተር ያበላሻል። ስለዚህ በድንበር ከተማ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ልክ ጎን ለጎን ማወቅ ይገባዋል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመጽሐፉ 0.015 ኢንች ተብሎ የተጻፈው ክፍተትም 0.38 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

ትራክተሮቹ እነማን ናቸው?

በምሥራቅ አፍሪካ ስማቸው ከታወቀው አሮጌ ትራክተሮች አንዱ ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ያወጣው ትንሹ ፈርጉሰን ነው። ይህ ትራክተር እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ድረስ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ተሠርቷል። ማረሻውን በሦስት ነጥብ ይዞ በዘይት ኀይል የሚያነሣና የሚያወርድ ስለ ነበረ የእርሻን ሥራ በብዙ አገር ለውጧል። ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ከፈርጉሰን ጋር ተስማምቶ ተመሳሳይ ትራክተር ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ከተለያዩም በኋላ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 ስምንት ኤን የተባለውን ትራክተር በብዛት ሠራ። የፈርጉሰን ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ከማሴይ ሃሪስ ጋር ተዋሐደና ኋላ ማሴይ ፈርጉሰን ተባለ።

ከእነዚህ ትራክተሮች አብዛኞቹ በቤንዚን የሚሠሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ በቤንዚን ተነሥተው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ላምባ የሚዞሩ ናቸው። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የናፍጣ ሞተር እየበዛ ሄደ። የናፍጣ ሞተር አየሩን እጅግ አምቆ በሙቀቱ ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ካንዴላም ዲስትሪቢዩተርም የለውም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በናዝሬት ትራክተር ስትገጣጥም የናፍጣውን ቤላሩስ ነው የገጣጠመችው። ይህን መለየት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ወደ ሱቅ መጥቶ «ለማሴይ ፈርጉሰን ዲስትሪቢዩተር ስጡኝ» ቢል፥ ብልህ ነጋዴ ዋጋ ከመናገሩ አስቀድሞ ሞተሩ የቤንዚን ወይስ የናፍጣ መሆኑን ይጠይቀዋል። አንድ ዐይነት ስምና ቀለም ያላቸው ትራክተሮች በሁለቱም ሞተር ተሠርተዋልና።

ብልጭታው የሚገኝበት መንገድ

በብልጭታ የሚሠራውን ስልት ለመኪና ያመቻቸው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ለካዲላክ መኪና ያዘጋጀው ነው። አካሄዱም እንዲህ ነው። የባትሪው ኀይል በቁልፉ በኩል አልፎ ቦቢና ወደሚባለው ዕቃ ይገባል። ቦቢናው በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለው፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር፥ ሁለተኛው ቀጭንና እጅግ ብዙ ዙር ያለው ነው። ኀይሉ ወፍራሙን ጥቅል አልፎ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ባሉት በሁለት ትንንሽ መገናኛዎች፥ ማለት በፑንቲና በኩል ወደ ማሳ ይወርዳል። በመካከል የሚዞረው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ፑንቲናውን በከፈተ ቁጥር ኀይሉ በድንገት ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበትም በቀጭኑ ጥቅል ውስጥ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ የሆነ ኀይል ይወለዳል። ይህም በክዳኑ መካከል ገብቶ ሮተር በተባለው በሚዞረው ጣት አማካይነት ተራው ወደ ደረሰው ካንዴላ ይሄዳል። ኮንደንሰር የሚባለው ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ ደግሞ ፑንቲናው ሲከፈት እዚያው እንዳያቃጥል ኀይሉን ይቀበላል፤ የኀይሉንም መቋረጥ ያፈጥነዋል።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በቍጥር ማየት ይቻላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ብልጭታ ይፈልጋል። በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው 3000 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ስምንት ሰዓት ቢያርስም 1,440,000 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ የሚደክም ዕቃ እየተጠበበና እየተቃጠለ መሄዱ ሊያስገርም አይገባም። የሚያስገርመው፥ በየጊዜው ሳይመረመር ዓመት ከዓመት እንዲሠራ መጠበቁ ነው።

ምርመራው በተራ ሲደረግ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ ሞተሩ እንቢ ሲል ወዲያው መፍታት የሚጀምር ሰው ዋናውን ጥፋት ይሰውራል፤ ሌላም ይጨምርበታል። ትክክለኛው ተራ ከሚቀርበውና ከሚቀለው መጀመር ነው።

መጀመሪያ ባትሪው ይታያል። ሞርሴቶው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፥ ወይም በእጅ ሲነካ ከተነቃነቀ፥ ተፈቶና ተጠርጎ ይጠበቃል። ከባትሪው ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደው የማሳ ገመድም እንዲሁ ይመረመራል። ሞተሪኖው ደክሞ ቀስ እያለ የሚያዞር ከሆነ፥ ያለውን ኀይል ሁሉ እርሱ ይወስደዋልና ለብልጭታው የሚተርፍ የለም።

ሁለተኛ፥ ከክዳኑ መካከል የሚወጣው ወፍራም የቦቢና ገመድ ተነቅሎ ጫፉ ከሞተሩ ብረት ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይያዛል። መያዣው ኀይል የማያስተላልፍ መሆን አለበት፤ በአጠገቡም ቤንዚን የፈሰሰ ወይም የሚተን እንዳይኖር ይገባል። ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያዞር ሰማያዊና ድምፅ ያለው ብልጭታ ቢዘል፥ ቦቢናውና ፑንቲናው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱም ከክዳኑ ወዲያ ነው። ብልጭታው ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ግን ጥፋቱ ከክዳኑ ወዲህ፥ ማለት በፑንቲና፥ በኮንደንሰር፥ በቦቢና ወይም ወደ እነርሱ በሚመጣው ሽቦ ነው። ይህች አንዲት ፈተና ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

ጥፋቱ ከክዳኑ ወዲያ ሲሆን ክዳኑ ተነሥቶ በውስጥም በውጭም በብርሃን ይታያል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወይም በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ፥ ብልጭታው በዚያ በኩል እየሸሸ ነውና ክዳኑ መለወጥ አለበት። በመካከሉ ያለችው ትንሽ ከሰል መሳይ ጣት በስፕሪንጓ ወጣ ገባ ማለቷ ይታያል። ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለ ፀሐይ ሲሞቅ የሚነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ ጤዛ በክዳኑ ውስጥ የገባበት ነው፤ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል።

ጥፋቱ ከክዳኑ ወዲህ ሲሆን ደግሞ ፑንቲናው ይታያል። በእጅ ሲዞር በእርግጥ መክፈቱና መዝጋቱ ይረጋገጣል። ፊቱ ጠቍሮ ወይም አቧራ ይዞ ከሆነ በጥሩ ቀጭን ሞረድ በጥቂቱ ተጠርጎ በንጹሕ ወረቀት ይጸዳል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ፍርፋሪውን በመካከል ስለሚተው የሚደገፍ አይደለም። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ፑንቲናውን እጅግ በከፈተበት ቦታ ላይ ክፍተቱ በምላጭ መለኪያ ይለካል። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ልኩ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ነው፤ እርግጠኛው ግን በየሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው ነው።

ለዚህ ክፍል አንድ ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ብዙ ያገለግላል። የአምፖሉ አንዱ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ጫፍ ላይ፥ ሌላው በማሳ ላይ ይያያዛል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው ኀይሉን እየቈረጠና እየቀጠለ ነው። ዘወትር የሚበራ ከሆነ ፑንቲናው አይገናኝም፤ ወይም ፊቱ ቆሽሾ ኀይል አያሳልፍም። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ግን ወይ እስከ ቦቢናው የሚደርስ ኀይል የለም፥ ወይም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሽቦው ተልጦ ወይም ኮንደንሰሩ ተበላሽቶ ኀይሉ ያለ መቋረጥ ወደ ማሳ እየወረደ ነው። ርካሽ አምፖል የብዙ ብር ዕቃን ከመግዛት የሚያድን በዚህ ጊዜ ነው።

የሚያታልሉ ምልክቶች

መካኒክን እጅግ የሚያስቸግረው ጨርሶ የቆመው ሞተር ሳይሆን ሠርቶ ሠርቶ የሚቆመው ነው። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አርሶ ይጠፋል፤ ጥቂት ሲበርድ ደግሞ ይነሣል። ይህ ምልክት ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈን ቤንዚን መውረድ ስለሚያቆም ልክ ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ በቆመባት ቅጽበት፥ ሳይበርድ፥ ብልጭታው መፈተን አለበት። ብልጭታ ካለ የታንኩ ክዳን ይከፈትና ይሞከራል፤ ፊልትሮውና ካርቡራቶሩም ይታያሉ። ብልጭታ ከሌለ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ በተራ በሌላ ይለወጣሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው ግን የትኛው እንደ ተበላሸ ሳያውቅ ይቀራል።

ሁለተኛው አታላይ ምልክት ክፍተቱ አልጸና የሚል ፑንቲና ነው። ዛሬ ተለክቶ ነገ ልኩ ይጠፋል። ይህ ሲሆን የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ በጣት ተይዞ ወደ ጎን ይነቃነቃል። የሚነቃነቅ ከሆነ በውስጡ ያለው ቦክሶላ አልቋል፤ ክፍተቱም ለየሲሊንደሩ ይለያያል። እንዲህ ላለው አዲስ ፑንቲና መግዛት ከንቱ ነው፤ ቦክሶላው በቶርኖ ተሠርቶ ካልተለወጠ መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛው፥ ሞተሩ ባዶውን ደኅና ሠርቶ ማረሻው መሬት ሲነክስ የሚደክመው ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድሙ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች አሉ። የቆየ ግራሶ ደርቆ ከያዛቸው ብልጭታው እየዘገየ ኀይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይሞቃል። በተቃራኒው ብልጭታው እጅግ ከቀደመ ሞተሩ በማኖቬላ ሲነሣ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የብዙ ሰው ክንድም በዚህ ተሰብሯል። ስለዚህ ማኖቬላ የሚያዞር ሰው አውራ ጣቱን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ማድረግ እንጂ እንደ ዱላ ጨብጦ መያዝ የለበትም።

አራተኛው የሰው ጥፋት ነው። በኮቨንትሪ የተሠራው ፈርጉሰን ብልጭታውን የሚያድለው 1፥ 3፥ 4፥ 2 በሚል ተራ ሲሆን፥ የፎርዱ ስምንት ኤን ግን 1፥ 2፥ 4፥ 3 ነው። ሁለቱ ትራክተሮች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ የአንዱን ተራ በቃሉ የያዘ መካኒክ የሌላውን ገመድ ሁሉ ነቅሎ ሲመልስ ተራውን ያሳስታል። ሞተሩም ያስነጥሳል፥ በካርቡራቶሩ በኩል እሳት ይተፋል እንጂ አይነሣም። ገመድ ከመንቀሉ በፊት በየገመዱ ላይ ቍጥር የሚያስር፥ ዲስትሪቢዩተሩንም ከመፍታቱ በፊት ሮተሩ ያመለከተበትን ቦታ በኖራ የሚያሰምር ሰው ይህን መከራ አያይም።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

በድንበር ገበያ ዕቃ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ከእውነተኛውም ጋር አስመሳዩ ይቀላቀላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በዚህ ንግድ ላይ ይሠራል። የኮንደንሰር ጥራት በዐይን አይታወቅም፤ አዲስ ሆኖም ከሣጥኑ ሲወጣ የማይሠራ ይገኛል። ስለዚህ ሠርቶ የታየውን አሮጌ ኮንደንሰር መጣል ስሕተት ነው፤ ተጠርጎና በወረቀት ተጠቅሎ ለመጠባበቂያ መቀመጥ አለበት። የፑንቲና ጥራት ግን በከፊል በዐይን ይታያል፤ ሁለቱ ፊቶች ፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ የማይገናኙ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ አይገዛም።

ቦቢና የሚሸጥ ሰው ቮልቱን ሳይጠይቅ መሸጥ የለበትም። ከአሮጌዎቹ ትራክተሮች አንዳንዶቹ ባለ 6 ቮልት፥ ሌሎቹ ባለ 12 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹም በኋላ ዘመን ከ6 ወደ 12 ተለውጠዋል። የ6 ቮልት ቦቢና በ12 ቮልት ላይ ያለ መቀነሻ ቢታሰር ጥቂት ሠርቶ ይቃጠላል፤ ፑንቲናውንም ያበላሻል። ገዢው ተመልሶ ሲመጣ የሚያጣላው ነገር ይኸው ነው።

በዛሬው ጊዜ ፑንቲናና ኮንደንሰርን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ለአሮጌ ትራክተሮችም ይሸጣል። በየጊዜው መለካት የማያስፈልገው በመሆኑ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን የባትሪው ሽቦ በተገላቢጦሽ ቢታሰር ወዲያው ሊቃጠል ይችላል፤ ከተቃጠለም በመስክ ላይ የሚጠገን አይደለም። ፑንቲና ግን በሞረድና በምላጭ መለኪያ ይታደሳል። ስለዚህ አዲሱን የሚገጥም ገበሬ አሮጌውን ፑንቲና በሙሉ በሣጥን ውስጥ እንዲያኖር ነጋዴው ቢመክረው፥ አንድ ጊዜ የመጣው ደንበኛ ዘወትር ይመላለሳል።

ለአስተዳዳሪው የሚሆን ምክር

የትራክተር ጉዳይ የሞተር ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን የምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ያስተምራል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1947 በታንጋኒካ፥ በዛሬዪቱ ታንዛኒያ፥ ሰፊ የለውዝ እርሻ ለማልማት ተነሣ። በችኰላ ከጦርነት የተረፉ ያገለገሉ ትራክተሮችን ከየአገሩ ሰብስቦ አስመጣ። መለዋወጫና በቂ መካኒክ ሳይዘጋጅ፥ መሬቱም ሳይጠና ሥራው ስለ ተጀመረ፥ በመጀመሪያው ዓመት ብዙዎቹ ትራክተሮች ተሰብረው ቆሙ። እቅዱም እ.ኤ.አ. በ1951 ሲተው 36 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከስሮበት ነበር። ለዚያ ኪሣራ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ መሣሪያውን ገዝቶ መጠገኛውን መርሳት አንዱ ነበር።

በሞያሌ ዙሪያም ሆነ በሌላ ሩቅ አውራጃ የማኅበር ወይም የመንግሥት ትራክተር የሚያስተዳድር ሹም ከዚህ ሁለት ነገር ሊማር ይችላል። የመጀመሪያው መዝገብ ነው። የየትራክተሩ የሞተር ቍጥር፥ የነዳጁ ዐይነት፥ የባትሪው ቮልት፥ የብልጭታው ተራና በዲስትሪቢዩተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቍጥር በአንድ ካርድ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። ዕቃ በስልክ ሲታዘዝ በግምት መነጋገር ይቀራል፤ የተላከውም ዕቃ ከ750 ኪሎ ሜትር በኋላ አልገጠመም ተብሎ አይመለስም።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ሣጥን ነው። አንድ ፑንቲና፥ አንድ የተሞከረ ኮንደንሰር፥ አንድ ሮተር፥ አንድ ክዳን፥ አራት ካንዴላ፥ አንድ ቦቢና፥ ጥቂት ገመድ፥ የምላጭ መለኪያና የመሞከሪያ አምፖል በአንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይጠቃለላሉ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚወጣበት ዋጋ፥ በዝናም ሰሞን አንድ መኪና ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አዲስ አበባ ልኮ ለማስመለስ ከሚወጣው ያነሰ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ግን ሞተሩን በሚያውቀው ሰው እጅ እንጂ በሩቅ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ መሆን የለበትም። ዕቃ እያለ ፊርማ ሲጠበቅ የሚያልፍ ዝናም ዕቃ ሳይኖር ከሚያልፈው የተለየ አይደለም።

ምርመራው የሚደረግበትም ጊዜ ዝናሙ ከመጀመሩ አንድ ወር አስቀድሞ ነው። ሥራ ፈትቶ ወራት የቆመ ትራክተር ፑንቲናው በአየር ይሻግታል፤ ክዳኑ አቧራ ይሞላል፤ አይጥም ገመዱን ይበላል። በዚያ ጊዜ የተገኘ ጥፋት ዕቃው ከየትም ቢመጣ ይደርሳል። በዝናሙ ሳምንት የተገኘ ግን ሹሙንም፥ ነጋዴውንም፥ ገበሬውንም በአንድነት ያስጨንቃል። በአንድ ጠዋት የሚፈጸመውን ይህን ምርመራ በየካቲትና በመስከረም የሚያስደርግ ሰው፥ ደመናው ሲከብድ ማረሻውን አስሮ ይጠብቃል።